የእጅሽን ልክ ላኪልኝ

ሙንተሀዬ፣
እዚህ ኩዌት፣ ሳልሚያ ባሕሩ ዳር ቆሜ ነው የምጽፍልሽ፤ መቀመጥ አቃተኝ። ዛሬ የቀዶ ሕክምና ሥልጠናው ላይ አንጀት የሚሰፋ አዲስ ስቴፕለር አስጨበጡን። አንገቱ ይታጠፋል፤ እኛ ደሴ ሆስፒታል በጣት እየዳበስን በመርፌ የምንሰፋበት ጠባቡ የዳሌ ጥግ ድረስ ሰተት ብሎ ይገባል። እጀታው ግን ለግዙፍ ወንድ የተሠራ ነው! በሁለት እጄ ብጨምቀውም አልዘጋ አለኝ። ወንዶቹ ሐኪሞች ሳቁ። ደሜ ፈላ። የሠራውን መሐንዲስ፣ «እኛ ጋ ቦታው ሲጠብ የምትጠራው ትንሽ እጅ ያላት ናት፤ ታዲያ ይሄን ለማን ሠራኸው?» አልኩት። እጀታውን ሊያሳንስ እጄን ወረቀት ላይ አስነድፎ ወሰደ።

ከዚያ ወዲህ ነው እረፍት ያጣሁት። ደሴ ቦታው ሲጠብ የሚጠሩት እኮ አንቺን ነው፤ እጅሽ ደግሞ ከእኔም ያንሳል። ሰውዬው ሐሙስ ይሄዳል። መዳፍሽን ዘርግተሽ ንደፊና ፎቶውን ቶሎ ላኪልኝ። የስልክ መልእክት ስለማታነቢ፣ እዚሁ ኩዌት ሱራ ሰፈር የምትሠራው እህቴ ሃጀር ነገ አገር ስትገባ ይህን ካርድ ታስጨብጥሻለች።

እናትሽን ዱዓ አድርጉልኝ በያቸው፤ ጎረቤትሽን ጋሽ ይማምንም ሰላም በይልኝ። ቦታ አለቀ። ደግሞ በትንሽነቱ አፍረሽ ከልኩ አስበልጠሽ እንዳትነድፊው!
ራቢያ