እንደገና ልናገር?

ሰኞ፣ ኅዳር 8
መገናኛ የታክሲ ሰልፍ... ቢሮ አርፍጄ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ የክሊኒኩን ሥራ ስሠራ ዋልኩ። ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ ያለው፣ ነፍሰ ጡሮች የሚከታተሉበት ክሊኒክ። የእያንዳንዷ እናት ታሪክ ድርጅታችን በሠራላቸው ዳታቤዝ ውስጥ አለ፤ ለአንዷ አንድ ዶክመንት።
አለቃዬን ሰርፀን፣ "ባክአፑን፣ መጠባበቂያ ቅጂውን፣ በየቀኑ እንውሰድ" አልኩት።
"ሰርቨሩ ቦታ የለውም። ቆይ።"
ስንቴ ልንገረው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ተናድጃለሁ።
ሰርፀ የሙከራ ዳታ ላጽዳ ብሎ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የማጥፊያውን ትእዛዝ ጻፈ። ቅንፉ ውስጥ ማን እንደሚጠፋ ይጻፋል። ባዶ ከተተወ ሁሉም ይጠፋል። ባዶ ተወው። ያውም ዋናው ዳታቤዝ ላይ!
"ሶሬቲ፣ እስኪ ነይ..."
ፋይንድ ብዬ ፈለግኩ። ምንም። ካውንት ብዬ አስቆጠርኩ። ዜሮ።
ያለን ባክአፕ የነሐሴ ነው። ከዚያ ወዲህ የተመዘገቡት የሉም።
"ዳታ ነው ባክሽ፤ እንደገና ይገባል" አለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ለክሊኒኩ ሲደውል ሰማሁት። "ከልጆቹ አንዷ ተሳስታ ነው።"
አንዷ! ቢሮው ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነኝ።
"ማናት የተሳሳተችው?" አልኩት ስልኩን ሲዘጋ።
"አታካብጂው። ደንበኛ እንዳይሸሸን ነው።"
ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ለምን ተመለስኩ?

ዓርብ፣ ኅዳር 12
የነሐሴውን ባክአፕ መለስኩ። የቀረውን ከእናቶቹ አፍ ልጽፍ ላፕቶፔን ይዤ ክሊኒኩ ወጣሁ። ነርሷ ሲስተር ማዕዶት ገና ስታየኝ ፊቷ ጠቆረ።
"አንቺ ነሽ? በወረቀት መመዝገቡን የተውነው እናንተን አምነን ነበር።"
ወይዘሮ የሺሃረግ የሚባሉ እናት ገቡ።
"ስንተኛ እርግዝናዎ ነው?"
"አራተኛ።"
"ስንት ልጆች አሉዎት?"
ቀሚሳቸውን አስተካከሉ።
"ባለፈው ተናግሬ ነበር'ኮ፣ እህቴ። አልተጻፈም?... እንደገና ልናገር?"
ተናገሩ። ሦስቱንም እንዴት እንዳጧቸው። የመጨረሻው ስም ወጥቶለት ነበር።
ኢንሰርት ብዬ አስገባሁ። ከዚያ ወጥቼ ባሕር ዛፎቹ ጋ አለቀስኩ። ዳታ ነው አለኝ'ኮ...

ሰኞ፣ ኅዳር 15
"ነገ አብረኸኝ ክሊኒኩ ትወጣለህ። አለዚያ ሥራህን ተረከበኝ" አልኩት ሰርፀን።
"ታስፈራሪኛለሽ?"
"አዎ።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
መጣ። ኮሪደሩ በሴቶች ተሞልቷል። ገና ስንገባ አንዷ፣ "ለመሆኑ ማነው ያጠፋው?" ብላ ጮኸች። ሲስተር ማዕዶት እኔን አየች። እኔ ሰርፀን አየሁ። ዓይኔን አልነቀልኩም።
"እኔ ነኝ" አለ። ከኋላ ያሉት አልሰሙትም። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"
"ታዲያ ይቺ ልጅ ምን በወጣት ነው የምትለፋው?" አለች ሴትየዋ።
ሲስተር ማዕዶት ወንበር ጎትታ ሰጠችኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 29
ከዳታቤዙ የማጥፋት ፈቃዱ አሁን እኔ ጋ ብቻ ነው። ሰርፀ "ይቅርታ" ብሎኛል። እሺ አላልኩትም።
ሲስተር ማዕዶት ከምታስታውሳቸው መካከል ሁለት እናቶች እስካሁን አልመጡም። ስልካቸውም አብሮ ጠፍቷል። ነገ ከሲስተር ማዕዶት ጋር ሰፈር ለሰፈር እየጠየቅን እንፈልጋቸዋለን።
"እኔም ልምጣ?" አለኝ ሰርፀ።
"አንተን ማየት አይፈልጉም።"
እሺ ብሎ ተቀመጠ። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። አይውጣ። እነሱን እስካገኝ ይቆይ።