ድንቡሼ ከቦዩ ከወጣች በኋላ

እትዬ የኔ ሆድ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ? ያ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ ዛሬም ያስቸግርሻል ወይስ ተሻለው? የምትንከባከቢያቸው አሮጊትስ እንዴት ናቸው? አሁንም ሾርባው ቀዘቀዘ እያሉ ሦስት ጊዜ ያስሞቁሻል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ደህና ናቸው፣ የስፌት መኪናዬም ብታጉረመርምም ደህና ናት፣ አደራ የሰጠሽኝ ልጅሽ ድንቡሼ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ደህና ናት። ይህችን የመጨረሻዋን ደግመሽ አንብቢያት፤ ቀጥሎ የምጽፍልሽ ያስደነግጥሻልና።

ከሁለት ወር በፊት ድንቡሼ ቦዩ ውስጥ ወድቃ ነበር። በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ስፌቴ አውርቼ እዘጋዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ረፋድ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ለማድረስ ተጣድፌ ነበር። እግሬ ሥር በቁርጥራጭ ጨርቅ ስትጫወት አየኋት፤ አንድ እጅጌ ገጥሜ ቀና ስል የለችም። ከጓሮ በራችን እስከ ቦዩ ሃያ እርምጃ እንኳ አይሞላም።

ያወጣት ጸጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን ነው፤ ያ ወሬ ስለማያልቅበት "ራዲዮ" የምንለው። ፎጣ ሊያሰጣ ጓሮ ሲወጣ ቀይ ቀሚሷን ውሃው ላይ አይቶ ከነጫማው ገባ። አውጥቶ በእግሯ ሊዘቀዝቃት ሲል የጤና ጣቢያዋ ነርስ እየሮጠች ደረሰችና "አትዘቅዝቃት! አስተኛት!" ብላ ጮኸችበት። አፏን ገጥማ ተነፈሰችላት፣ ደረቷን ተጫነች፣ ደግማ ተነፈሰችላት። ከዚያ ድንቡሼ አሳለች፣ አስመለሳት፣ ሰፈሩን የሚያናጋ ለቅሶዋን ለቀቀችው። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ለቅሶ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ሐኪም ቤት ሁለት ቀን ቆይታ ሳንባዋ ንጹሕ ነው ተብላ ወጣች።

በሳምንቱ ሰፈሩ ተሰበሰበ። አናጺው አጥር እንሥራ አለ። አንዳንዶቹ ግን "እኛስ እዚሁ ቦይ ዳር አይደል ያደግነው? እናትም አክስትም ልጇን ትጠብቅ እንጂ!" አሉ። እኔ አንገቴን ደፍቻለሁ። ይኼኔ አባባ ብድግ አሉ። እሳቸው ስብሰባ ላይ ሲናገሩ አይተሽ ታውቂያለሽ?

"ሁላችንም አላደግንም" አሉ። "ታናሽ ወንድም ነበረኝ። አራት ዓመቱ ነበር። እናቴም ጥሩ ጠባቂ ነበረች፤ እሳት ልታነድ ዞር አለች፣ በቃ።" ይህን ብለው ተቀመጡ። አጎት እንደነበረን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በማግስቱ አናጺው ለአጥሩ እንጨት መቁረጥ ጀመረ።

አሁን ሰፈራችንን ብታዪው አታውቂውም። ቦዩ እስከ ድልድዩ ድረስ ታጥሯል፤ የበሩ መቀርቀሪያ የልጅ እጅ የማይደርስበት ላይ ነው። በየቤቱ ያለው የውሃ በርሜል ሁሉ ክዳን ተሠርቶለታል። ነርሷ እንደነገረችን ትንንሾቹ ውሃ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ረፋድ ላይ፣ ትልቅ ሰው ሁሉ ሥራ ሲይዝ ነው። ስለዚህ የአናጺው ትርፍ ክፍል ከቁርስ እስከ ምሳ የሕፃናት መዋያ ሆኗል፤ ሁለት ሁለት ሆነን በተራ እንጠብቃቸዋለን። የእኔ ተራ ማክሰኞና ዓርብ ነው። አሥራ አራት ሕፃን ምን ማለት እንደሆነ እኔን ጠይቂኝ! የአንዱን ንፍጥ ስትጠርጊ ሌላው ጫማሽን ይዞ ይጠፋል።

ነርሷ ደረት መጫን ስታስተምረን የምንለማመድበት አሻንጉሊት ስለጠፋ እኔው ከአሮጌ አንሶላ ሰፋሁ። ራዲዮ ከሱቁ ወለል የጠረገውን ጸጉር አምጥቶ ለጠፈላት። ምስኪኗ እስካሁን ስልሳ ጊዜ ሰጥማ ስልሳ ጊዜ ድናለች። ዳቦ ጋጋሪዋ ክንዷን ስታሳርፍባት ስፌቷ ተተረተረ፤ ነርሷም "ቀስ በይ እንጂ፣ ደረት ነው፣ ሊጥ አይደለም!" አለቻት።

ትልልቆቹን ልጆች ደግሞ ጡረታ የወጡት ጀልባ ቀዛፊ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ውሃው ከወገብ በማያልፍበት ቦታ ዋና ያስተምሯቸዋል። እኔም በሠላሳ አራት ዓመቴ ገባሁልሽ! መጀመሪያ እንደ ጆንያ ነበር የምሰጥመው፤ ያለፈው ቅዳሜ ግን በጀርባዬ ተንሳፈፍኩ። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ።

ተቆጪኝ፣ መብትሽ ነው። ግን ትናንት የሆነውንም ልንገርሽ። አባባ የአጥሩን በር ሲከፍቱ ድንቡሼ ሮጣ ደረሰችና "አባባ፣ ብቻህን አይቻልም! እጄን ያዝ!" አለቻቸው። አባባ አልሳቁም። ጣቶቿን ይዘው እስከ ድልድዩ ደርሰው ተመለሱ። ሲገቡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ግን ያፏጩ ነበር።

አብራሽ ለምትኖረው ጓደኛሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ለአሮጊቷም ሾርባው እንዲሞቅላቸው እመኛለሁ። አባባ ግንባርሽን ስመውሻል። ነርሷ ሰላም ብላሻለች። የራዲዮ ሰላምታ ሦስት ገጽ ስለሚፈጅ አሳጥሬዋለሁ። ከታች ያለው ሥዕል የድንቡሼ እጅ ነው፤ ወረቀቱ ላይ አስቀምጣልኝ ዙሪያውን በእርሳስ ሄድኩበት። አላርፍ ብላ ስለተወዛወዘች ስድስት ጣት ይመስላል። አምስት ናቸው እትዬ፤ ቆጥሬያለሁ።

ታናሽሽ

ከአባባ ቤት፣ ከቦዩ ዳር
እሑድ፣ ጥቅምት 14 ቀን