ሞተርሽን እንዴት እንዳሰርናት

ጌጃ ሰፈር፣ ልደታ
ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ መቅዲ፣

እኔ ደህና ነኝ። ሞተርሽም ደህና ናት። አሁን ደህና ናት ልበል።

ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጎረቤታችን ማኑ ከዚህ ተነስቶ በፒክአፑ እየጎተተ ያመጣልሻል፤ ደብዳቤውንም እሱው ይሰጥሻል። ሰኞ ወደ ቀበሌዎቹ ወጥተሽ ከብት መከተብ ካልጀመርሽ ቦታሽን ለሌላ እንደሚሰጡት አልረሳሁም። ቡታጅራ ድረስ ራሴ ልንዳት ስትይኝ አይሆንም፣ በተጎታች ትሄዳለች ያልኩትም እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ወደቀች።

ተጎታቹ ላይ ብቻዬን ነበር ያሰርኳት። ግቢ ውስጥ እንደምትቆመው በጎን ማቆሚያዋ አቁሜ፣ ገመዱን በመቀመጫዋ ላይ አሳልፌ፣ ግራና ቀኝ ወጠርኩ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ጤፍና ሲሚንቶ ያሰርኩት እንዲሁ ነው። ማኑ ነዳጅ ልቅዳ ሲል አብሬው ወጣሁ። ልደታ ማርያምን እንዳለፍን አንድ ጉብታ አነጠራት። ድምፁን ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም።

«ጋሽ ገብሬ፣ ተኛች!» አለ ማኑ።

የግራ ስፔኪዮዋ ተሰበረ፣ የፍሪሲዮን እጀታዋ ተጣመመ። ተጎታቹን የበየደው ጃፋር ዘንድ መለስናት። ገመዴን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ጆንያ መሰለችዎት እንዴ? ይቺ እኮ ሞላ አላት። መንገዱ በመታት ቁጥር ዝቅ ትላለች፤ ያኔ ገመድዎ ይላላል።»

«አንተ ሳትወለድ ጭነት አስር ነበር።»

«ያ ጭነትዎ ይተነፍስ ነበር?»

ማኑ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ።

ከዚያ እሱ እያዘዘኝ እንደገና አሰርናት። ማቆሚያዋ ታጠፈ። የፊት ጎማዋ ከተጎታቹ ግንባር ጋር ገጠመ። መወጠሪያ ያላቸው የጭነት ቀበቶዎች አመጣ፤ ሁለቱ ከመሪዋ ሥር ወደ ፊት፣ ግራና ቀኝ እኩል፣ የፊት ሞላዋ ግማሽ እስኪወርድ። ሁለቱ ከኋላ። ቀለሟን እንዳይፍቁት ሹራቤን ቀድጄ ከሥር አደረግሁ። ሰንጋ ተራ ደርሰን ተመለስን፤ ንቅንቅ አላለችም። ማኑ ዓለም ገና ላይ ወርዶ ቀበቶዎቹን እንዲያይ አስምዬዋለሁ። እጀታዋ ተቀይሯል። ስፔኪዮ ከሶማሌ ተራ አገኘሁ፤ ከቀኙ ጋር ግን አይመሳሰልም።

መቅዲ፣ ተጎታች ጠፋ እያልኩ ሁለት ቅዳሜ መለስኩሽ። ጃፋር ከጨረሰው ሦስት ሳምንቱ ነው። ትመጫለሽ፣ ሞተርሽን ትወለውያለሽ፣ ምሳ እንበላለን፣ ትሄጃለሽ። ይኸው ነው።

ሠላሳ ዓመት ያሰረ እጅ። ዛሬ ጠዋት ምን አስቦ እንደነበር እንጃ። ከቅድም ጀምሮ አየዋለሁ።

ስታወርጃት አራቱንም ቀበቶ ባንዴ እንዳትፈቺ። መጀመሪያ የኋላዎቹን። የፊቶቹን ስትፈቺ ሞላዋ ሽቅብ ይገፋታል፤ ከጎን ቆሞ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል። ማኑ ወገቡን ያመዋል፣ እሱን አትመኚ። ጋቢናው ባዶ ነው፣ ይምጡ ብሎኝ ነበር። ሳትጠራኝ አልኩት።

ጎረቤት ካለ ይያዝልሽ። ከሌለ እዚያው ላይ ትቆይና ደውዪልኝ። የቡታጅራ መኪና ከሰዓትም አለ፤ ሄጄ ጠይቄያለሁ። እስከ ማታ እደርሳለሁ።

እጅሽ የነካው ከብት ሁሉ ይዳን። ልደታ ማርያም በመንገድሽ ትቅደም።

አባትሽ
ገብረጊዮርጊስ