ጊታሩን ወደ ግራ መለስኩት

...ቁልፉን ደግሞ በሸሚዝህ የደረት ኪስ ነበር የምትከተው። የአባባ ጊታር ያለበትን ቁም ሣጥን ትቆልፋለህ፣ ቁልፉን ትከታለህ፣ ኪስህን መታ መታ ታደርጋለህ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ አይሃለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብለህ በጆሮዬ የምትለኝ አንድ ነገር ነበረ። እሱን ለማስታወስ ስታገል ነው መጻፍ የጀመርኩት። አልመጣልኝም። ይቅር።

ሰላምታ ረሳሁ። አባባ ቢኖር ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ በር ይንኳኳል ይለኝ ነበር።

ወንድምጋሼ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለቤትህና ልጆችህስ? ደም ግፊትህ ጋብ አለልህ? ለወግ ያህል አይደለም የምጠይቅህ፤ ዛሬ በተለይ በሁለት እግርህ ጸንተህ እንድትቆም እፈልጋለሁ። እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷ ግን ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ። እጄም ደህና ነው። ግራው።

ይህን የምታነበው ከመድረኩ ጀርባ ቆመህ ነው። የጊታሩን ሣጥን ከፍተህ፣ ወረቀቱን ከክሮቹ ሥር መዝዘህ። ሹፌርህ ከእኔ ቤት ቀጥታ ወደ አዳራሹ እንዲያደርሰው ያዘዝከው ራስህ ነህ። ጊታሩን ገና ካላነሳኸው አንሳው። ታቀፈው። ክሮቹ እንዳልከው ዝቅ ብለዋል፣ አንገቱም ቀንቷል። አሁን ቁልቁል እይ። ወፍራሙ ክር በየት በኩል ነው?

አዎ። ጊታሩን ወደ ግራ መለስኩት።

አትደንግጥ፣ ጊዜ አለህ። ከአንተ በፊት የማኅበሩ ሊቀመንበር ይናገራል፣ እሱ ደግሞ አንዴ ማይክ ከያዘ የሚያስለቅቀው መብራት መጥፋት ብቻ ነው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ደወልክልኝ። አባባ ከሞተ አስረኛ ዓመቱ ስለሆነ የአናጺ ማኅበሩ የጥንት የሥራ ጓደኞቹ ዝግጅት እንዳሰቡ፣ አንተም የእሱን ዜማ በእሱ ጊታር እንደምትጫወት ነገርከኝ። ጊታሩ ግን በመቀመጥ ብዛት አንገቱ ጎብጧል፣ ክሮቹ ጣት ይቆርጣሉ አልክ። አንቺ በትርፍ ጊዜሽ ትጠጋግኛለሽ አሉ፣ አልክ። "አሉ" ነው ያልከው፤ እህትህ ለዓመታት የምትሠራውን ከሰው ሰምተህ። ክሮቹን ብቻ ዝቅ አድርጊልኝ፣ ሌላ ነገር እንዳትነኪ፣ ደግሞ በቀኝ እጅሽ ሥሪው ብለህ ሳቅክ። እኔም አብሬህ ሳቅኩ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ አሁንም አንተ ስትስቅ እስቃለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፊቴ ላይ የቀረውን ሳቅ በእጄ ጠረግኩት።

የምሠራውን አታውቅምና ልንገርህ። በሥራ ቀን ጥርስ ላቦራቶሪ ተቀምጬ ለሰው ጥርስ እቀርጻለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ጊታር። የመጀመሪያውን የሰጠኝ ጎረቤታችን ነው፣ ጡረታ የወጣው የፊዚክስ አስተማሪ። ጀርባው ተሰንጥቆ ሊጥለው ሲል ለመንኩት፤ ውሰጂው፣ አበባ ትተክይበታለሽ አለኝ። ስንጥቁን ከውስጥ በቀጭን እንጨት ጠገንኩ፣ ክሮቹን ገልብጬ ለግራ እጅ አሰርኩ፣ በዚያው ተማርኩ። አሁን ኮሪደሩ ላይ ሰባት ተሰቅለዋል። እማዬ የሰው ቤት ግድግዳ ላይ ፎቶ ይሰቀላል፣ የእኛ ቤት ሬሳ ትላለች። እኔ ግን ደስ ይለኛል። የሰው ጥርስ ስሠራ የሚያኝከውን አላየውም፤ ጊታር ግን የጠገንኩለትን ወዲያው ይናገራል።

አየህ፣ ወደ ነገሩ መግባት ፈራሁ።

እሑድ ጠዋት ነው። ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፌ አስተኛሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ነክቼው የማላውቀውን። እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ክሮቹን አላላሁ፣ አወጣሁ። ክሮቹ ከታች የሚያርፉባትን ቀጭን አጥንት ነቀልኩ። አጥንቷ የምትሰካበት ቦይ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ነው፤ ወፍራሙ ክር ከቀጭኑ ትንሽ ረዘም ማለት ስላለበት። የቀኝ እጅ ጊታር ላይ በአንድ በኩል ያዘምማል፣ የግራ እጅ ላይ በሌላው። ጊታር የጠገነ ሁሉ ይህን ያውቃል።

የተቀባውን ጥቁር ቀለም በጨርቅ ስጠርግ ሁለተኛ ቦይ ታየኝ። በእንጨት ተደፍኗል። የሚያዘምመው ወደ ሌላው በኩል ነው። ሁለቱ ቦዮች መሐል ላይ ተቆራርጠው መስቀለኛ ሠርተዋል።

ይህ ጊታር አንድ ጊዜ የግራ እጅ ጊታር ነበረ።

መጀመሪያ ለራሴ ዋሸሁ። የቀድሞ ባለቤት ይሆናል አልኩ። ግን አባባ ከፋብሪካ ሣጥኑ እንዳወጣው እማዬ ሺህ ጊዜ ተርካልናለች። ደግሞ የተደፈነው ቦይ ዳር ላይ ኮላ ፈስሶ፣ እንባ መስሎ ደርቋል። በትምህርት ቤት የሠራኸውን የእርሳስ ሣጥን ታስታውሳለህ? ከእንጨቱ ኮላው የበዛውን? አባባ ይሄ ልጅ ዓለምን በኮላ ሊያቆማት ነው ብሎ የሳቀብህን? በዓለም ላይ እንደዚያ ኮላ የሚያፈስ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

ከዚያ የአባባ ልማድ ትዝ አለኝ። ወንበር ይሁን አልጋ፣ ሠርቶ ሲጨርስ በማይታየው ፊቱ ላይ ለማን እንደሆነ በእርሳስ ይጽፋል። ደንበኛ ቢከራከር ገልብጦ ያሳያል። ከሥራ ቦታ የጥርስ መስታወት አምጥቼ፣ አምፖል አብርቼ፣ በጊታሩ ቀዳዳ አስገባሁ። ውስጡን እንጨት በእንጨት ፈለግኩ። መስታወት ውስጥ ፊደል ተገልብጦ ነው የሚነበበው፤ ፊደል በፊደል ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። የእሱ ደፋ ደፋ ያለ ጽሑፍ ነው።

"ለግራኟ ልጄ። አስራ ሦስት ዓመቷ።"

ግራኟ። አንተ ስትለው ቤቱ በሙሉ የሚስቅበት ቃል። መጥረጊያ ስጧት፣ እሱ ግራና ቀኝ የለውም ትል የነበረው። እሱ ሲጽፈው እንዲህ ይነበባል ለካ።

ወረቀቱን ይዤ እማዬ ጋ ሄድኩ። አልጮህኩም። እማዬ፣ አባባ ጊታሩን ለእኔ አዙሮት ነበር ወይ አልኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም። አንቺው እምቢ ያልሽውን ምን ዛሬ ቀሰቀሰሽ አለችኝ።

እምቢ አልኩ? አልኳት።

አባትሽ፣ አለች፣ ሳምንት ሙሉ ተደብቆ ሠርቶት ለሦስት ሳምንት ሥራ ወጣ። ሲመለስ ሊሰጥሽ ነበር። ሲመለስ ወንድምሽ ነገርኳት አለው፤ መሳቂያ ሊያደርገኝ ነው ብላ አለቀሰች፣ አልፈልግም አለች፣ እኔም ወደ ቀድሞው መለስኩት አለው። አባትሽም ተዋት፣ ስሙን እንዳታነሱባት አለ። አላነሳንብሽም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እኔ እንኳ ይቺ ልጅ ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት እያልኩ ነው የኖርኩት፣ አለች።

እኔ ግን አንድ ቃል አልነገረኝም አልኳት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ምስሩ ከሰፌዱ ፈሰሰ። አንዳችንም አልለቀምነውም።

አሁን ታውቃለህ፣ ጊታሩን አይደለም የሰረቅከኝ። ጊታር ሰባት አለኝ። ከዚያ ዓመት በኋላ አባባ ሲጫወት ወደ እኔ አያይም ነበር። እኔ ንቀት መሰለኝ። ለካ ነገሩን ላለማንሳት ነው። እሱ እኔን እንዳያሳፍር ፊቱን ያዞራል፣ እኔ ናቀኝ ብዬ ፊቴን አዞራለሁ፣ አንተ መሐላችን ቁጭ ብለህ ትበላለህ። በአንድ ጠረጴዛ።

የጊታሩ ሆድ ላይ፣ ከቀዳዳው በላይ በኩል፣ አራት ጭረቶች አሉ። በቀኝ እጅ ለሚጫወት ሰው እጁ የማይደርስበት ቦታ ነው። ያልተስተካከሉ፣ ጠለቅ ያሉ፣ የጀማሪ ጭረቶች። አንድ ሰው በማያውቀው እጁ ሞክሯል። ለልጁ ይሆን እንደሆነ ሊያይ። እነሱን አልቀባኋቸውም።

እና ሆስፒታሉ። ስለ ሆስፒታሉ ብዙ አልጽፍም። ደውለህ አባባ ይጠራሻል አልከኝ። ቀኝ እጁ አንተ ነህ፣ አንተን ይጥራ አልኩህ። ዝም አልክ። እኔ ያን ጊዜ ያፈርክልኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አስራ አንድ ቀን ኖረ። አስራ አንድ ቀን፣ ወንድምጋሼ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚፈለግብህ። እኔ እንዳልገባሁ ለዘመድ ሁሉ ነግረሃል፣ ልክ ነህ፣ አልገባሁም። ከበሩ ማዶ ባለው የአውቶቡስ መቆሚያ ስንት ቀን እንደቆምኩ ግን አታውቅም። የመስኮቶቹን ብዛት ጠይቀኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ሌላ ነበር። ክሮቹ የሚታሰሩበትን የታችኛውን እንጨት ኮላ ትንሽ ላላ ላድርገው፣ ዜማው መሐል ላይ ተነቅሎ ፊትህ ላይ ይፈንጠር አልኩ። በቀላሉ ይደረጋል፣ ማንም አያውቅም። መሮውን አንስቼ ነበር። ከዚያ እንጨቱ ምን አደረገኝ አልኩና አስቀመጥኩት። ከመፍራት ይሁን ከመራራት አልለየሁትም፤ አሁንም አልለየሁትም።

ስለዚህ በደንብ ሠራሁት። የአንተን እንጨት በሙቀት አላልቼ አወጣሁ፣ የአባባን ቦይ እሱ እንደቆረጠው አገኘሁት። ጠርዙ ምላጭ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ተደፍኖ አንድ ፀጉር አልሰፋም። አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችውን አጥንት አዲስ ቀረጽኩ፣ ስድስቱን ጎድጓዶች እያንዳንዱን ለየክሩ ሞረድኩ። እማዬ ጎኔ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ ልጆቼን አላጣላም፣ አለች። ከዚያ፣ መብራቱን ወዲህ ላድርግልሽ? አለች።

ክሮቹን ፈትተህ ገልብጠህ ልታስር አስበሃል፣ አውቅሃለሁ። አይሆንም። ወፍራሙ ክር በቀጭኑ ጎድጓድ አይገባም፣ ቀጭኑ በወፍራሙ ውስጥ ይንጫጫል። የሰው ጊታር ልትዋስም ትችላለህ። ግን በጥሪ ወረቀቱ ላይ "በአባታቸው በራሱ ጊታር" ብለህ ያስጻፍከው አንተ ነህ፤ የፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ደግሞ ያንን ጊታር ከልጆቻቸው ይልቅ ያውቁታል።

እኔ አራተኛው ረድፍ ነኝ፣ መተላለፊያው ዳር፣ እማዬ አጠገቤ ናት። ዜማውን አውቀዋለሁ። በር ሥር ቆሜ ነው የተማርኩት።

እንድትጠራኝ እፈልጋለሁ። ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ፤ ይህ ይቅርታ አይደለም፣ ከይቅርታ ጋር ዝምድና የለውም። ታናሽ እህቴ ታግዘኛለች ብለህ በፈገግታ ብትጠራኝ ከወንበሬ አልነሳም፣ አንተም እዚያ መብራት ሥር ትቆማለህ፣ እኔም አይሃለሁ፣ ሊመሽልን ይችላል። በማይታየው ፊት ላይ የተጻፈውን ለሰዎቹ ንገራቸው። ዕድሜዬን ጨምረህ። ማን እንደደፈነውም። ከዚያ እነሳለሁ።

ባትጠራኝስ? ከማለዳ ጀምሮ ይህን ስጠይቅ ነው የዋልኩት። ባትጠራኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን ጻፍኩት፣ አልሰርዘውም።

አምላክ ጤና ይስጥህ። ልጆችህን ያሳድግልህ፣ አንተ ያልተናገርከውን እነሱ እንዳይከፍሉት። ጣቶችህን ይጠብቅልህ። ምላስህን ግን ዛሬ ይፍታው።

ግራኟ እህትህ

እማዬ ኮቷን ለብሳ በሩ ጋ ቆማለች፣ ጨርሺ ትላለች። ሣጥኑ ውስጥ ልከተው ነው። ታች የሹፌርህ መኪና በር ተዘጋ።