ዘጠኝ የተባለው ልጅ

ማርች 3

ሙቀት። ከከተማው ጀርባ ያለው አለት ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ ወደ ቤታችን ይተፋዋል። ልብስ አጠብኩ። ምስርና ሩዝ ሠራሁ። ፒያል እንደ ሁልጊዜው ቅዳሜ ምሳ ሰዓት መጣ፤ ወንድሜ ጨዋታ ባለበት ቀን አይቀርም።

የብሔራዊ ክሪኬት ቡድኑ ስም ዝርዝር ተነበበ። የክለባችን ሩዋንጋ ዊጄኮን የለም። ሦስት ወር ሙሉ ኳስ አሳምሮ ሲመታ የከረመ ልጅ... የለም!

ከዚያ ቴሌቪዥኑ የሱን ሰንጠረዥ አወጣ። «ቡድኑ የሌላውን ውጤት ለመድረስ ሲመታ፦ 31 ጊዜ ሊመታ ገባ፣ አማካይ ነጥብ 9 ሩጫ።» ተንታኙ ፈገግ አለ። ጭንቅ ሲመጣ የሚጠፋ ልጅ ነው አለ። አጠገቡ የተቀመጡት የቡድኑ ተጫዋቾች መራጭ፣ ሁሉም ያየው ነገር ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፒያል አፉ ሩዝ እንደሞላ፣ «ቁጥር አይዋሽም፣ አካ፣ ታላቅ እህቴ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ሳህኔን ይዤ ተነሳሁ።

ማርች 4

ዘጠኝ? እንዴት ዘጠኝ?

የክለባችንን ውጤት የምመዘግበው እኔ ነኝ። በእርሳስ፣ እያንዳንዷን ኳስ። ደብተሮቹን አውጥቼ ሩዋንጋን ብቻ ለቀምኩ። ሌላው ቡድን ጨርሶ እኛ ሁለተኛ በመታንባቸው ጨዋታዎች 22 ጊዜ ገብቷል። 19 ጊዜ አስወጥተውታል። 722 ሩጫ። አማካዩ፣ ለወጣበት ጊዜ ሲካፈል፣ 38።

እንደገና ደመርኩ። 38።

እና ያ 31 ጊዜ የማነው?

ማርች 5

ገባኝ! ሰንጠረዡን ዛሬ ደግመው ሲያሳዩ አየሁ፤ ሥሩ በትንንሽ ፊደል «ከአስራ አምስት ዓመት ወዲህ» ይላል። ያኔ ሩዋንጋ ሰባተኛ ክፍል ነበር። የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ክፍልፋይ ሲያስቸግረው አስታውሳለሁ።

ያኔ ለክለባችን የሚጫወተው ሌላ ዊጄኮን ነበር። ራሲካ። ኳስ ወርዋሪ። መምታት የማያውቅ፣ ሁሌ መጨረሻ የሚገባ። የአንዱ ስም በ«ሩ»፣ የሌላው በ«ራ» ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል... አንድ ሰነፍ አንዱን በሌላው ቦታ ለጠፈው፤ አገር ሙሉ አመነው።

ቴሌቪዥን ጣቢያው ደወልኩ። አንድ ወጣት አነሳ። መረጃው ከኮምፒዩተር ነው የሚመጣው አለኝ። እኔ ደግሞ ከዓይኔ ነው የመጣው አልኩት። ዕድሜዬን ጠየቀኝ።

ዕድሜዬን!

ማርች 8

ገበያ ላይ የሩዋንጋን እናት አገኘኋት። ኮኮነት እየመረጠች ነበር፤ ቀና ብላ አታየኝም። ሰፈር ውስጥ «ዘጠኝ» ብለው እንደሚጠሩት ነገረችኝ። አውቶቡስ ውስጥ ዘጠኝ ጣታቸውን ዘርግተው ያሳዩታል አሉ። ልምምድ መሄድ ትቷል።

ሽንኩርቱን ረስቼ ቤት ገባሁ።

ማርች 9

ኮሎምቦ፣ ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። አራት ደብተር በከረጢት። አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ። እንግዳ መቀበያው ላይ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስቀመጡኝ። በመጨረሻ ያ ተንታኝ ራሱ ወጣ። በአካል ሲታይ አጭር ነው። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና ጽሑፌ እንደሚያምር ነገረኝ። ቢሳሳትም ለማሳያ የወጣ ቁጥር ነው፣ ማንም በዚያ አይመርጥም አለ።

«መራጩ አጠገብዎ ተቀምጠው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። ስብሰባ ነበረው።

ማርች 10

ዛሬ የባሰውን ሰማሁ። «ዘጠኝ» የሚለውን ቀልድ ስልክ ላይ ከለቀቁት አንዱ ፒያል ነው። የኔው ወንድም። ፎቶ ላይ ልጁን ዘጠኝ እንቁላል አሳቅፎት። ሁሉም ሲያደርግ ነው ያደረግሁት ይላል። ጮህኩበት። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ ጎረቤት በሩን ከፍቶ አየ።

ማታ ፒያል ቀስ ብሎ መጥቶ ደብተሮቹን ጠየቀኝ። የሁለቱን ዊጄኮኖች ገጾች አንድ በአንድ ፎቶ አንስቶ፣ «እኔም ተሳስቼ ነበር» ብሎ ጽፎ ለቀቃቸው።

ማርች 13

አርባ ሺህ ሰው አይቶታል አለ ፒያል። አሁን የሚሰደበው ተንታኙ ነው። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ለማን እዋሻለሁ።

ማርች 14

ስልክ ጮኸ። ራሲካ ዊጄኮን። ከስንት ዓመት በኋላ። አሁን ዳምቡላ ከተማ አትክልት ተራ ዘበኛ ነው፤ ጉልበቱ አልቋል። ሰው ሁሉ «እውነተኛው ዘጠኝ አንተ ነህ» እያለ እየሳቀበት ነው።

«አስራ አንድ ዓመት ወረወርኩ፣ ቲቸር» አለኝ። «ስሜ አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ አልተጠራም። አሁን ተጠራ፤ ለዚህ።»

ምን እለዋለሁ? የሱን ገጽ ለዓለም ያሳየሁት እኔ ነኝ። ለሩዋንጋ ስቆረቆር እሱን ረሳሁት። ቀኑን ሙሉ በራሴ ተናደድኩ። በሌላ ሰው መናደድ ይሻላል።

ማርች 15

የራሲካን ውርወራ ለቀምኩ። 214 ሰው አስወጥቷል። በክለባችን ታሪክ ማንም አይደርስበትም! እኔስ ለምን እስከዛሬ ደምሬው አላውቅም?

ፒያል ለቀቀው። ገጹንም በፖስታ ለራሲካ ላክሁ።

ማርች 19

ጣቢያው አረመ። ከአየር ሁኔታ ዘገባው በፊት፣ አንድ መስመር። ውሃ ልጠጣ ብነሳ ኖሮ ያመልጠኝ ነበር። ይቅርታ የሚል ቃል የለውም።

ማርች 22

ከቡድኑ አንዱ ትከሻው ተጎዳ። ሩዋንጋን ጠሩት! እናቱ ደውላ አለቀሰች።

ማርች 25

ስድስት።

ሁለተኛ መታን፣ ሩዋንጋ ገባ፣ አንድ ቆንጆ ባለ አራት ሩጫ ምት፣ አንድ ባለ ሁለት... ከዚያ ሊተዋት የሚገባውን ኳስ ነካ። ወጣ። ተንታኙ ምንም አላለም፤ ቅንድቡን ብቻ አነሳ። የሰፈሩ ሰው ግን አላረፈም፤ ቴሌቪዥኑ እንዲያውም አብዝቶለት ነበር እያለ ነው።

ፒያል ከሰፈሩ ወንዶች ጋር በሩ ላይ ሲጨቃጨቅ ሰማሁት። ስለ ሩዋንጋ። ለሩዋንጋ ወግኖ።

ማርች 28

ሩዋንጋ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ እንደ ተማሪ ቆመ። ልምምድ ተመልሷል። ቀጣዩ ጨዋታ ላይ ይኑር አይኑር አያውቅም። ላጽናናው ጀመርኩ፤ ሜዳው አስቸጋሪ ነበር፣ ዳኛው...

አቋረጠኝ። ተማሪዬ ሳለ አንድም ቀን አላቋረጠኝም።

«ተዪው፣ ቲቸር። ስድስቷ የራሴ ናት።»

ደብተሩን አምጥቼ እፊቱ ጻፍኳት። 23ኛ ጊዜ። አማካዩን አሰላን፤ 36 ከምናምን ሆነ፣ ወረደ። እሱ ራሱ ነው ያካፈለው፤ አልተሳሳተም። ከዚያ ሩዝ በላ፣ ሁለት ሳህን።