ሦስት ቀጫጭን ኪቦርዶችና አንድ የጸሐፊ ቦታ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

የላፕቶፔ «መ» ወለቀች። «መምሪያ» ብዬ ልጽፍ ስል ጣቴ ላይ ተጣብቃ ተነሣች። ሥሯን አየሁት፤ ሁለት ቀጫጭን ፕላስቲኮች እንደ መቀስ ተጠላልፈዋል፣ መሐላቸው የምስር ፍሬ የምታህል ጎማ አለች። ሲጫኑት መቀሱ ይተኛል፣ ጎማዋ መልሳ ታነሣዋለች። አራት ዓመት ኮምፒውተር ስማር ከቁልፉ ሥር ምን እንዳለ አንድ ቀን አይቼ አላውቅም! የመቀሱ አንድ እግር ተሰብሯል። መልሼ ስጫናት ትቀመጣለች፣ ግን ወደ ግራ ትጋደማለች።

የመምሪያው የጽሕፈት ፈተና የዛሬ ሳምንት ነው። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ አንድ የጸሐፊ ቦታ። ከማስታወቂያው ሥር በእስክሪብቶ «ኪቦርድ ያለው ይዞ መምጣት ይችላል» የሚል ተጨምሮበታል። የሰው ሀብቱን ሰውዬ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «የእኛዎቹ ግማሽ ፊደላቸው ጠፍቷል። ያለሽን ይዘሽ ነይ፣ አትልፊ» አለኝ። ላፕቶፕ ግን አይገባም።

አምና ሌላ መሥሪያ ቤት ተፈትኜ ለጥቂት የወደቅሁት በዚሁ ነው። ለፍጥነት እጄ ቀጭን ለምዷል፤ የሰጡኝ ደግሞ ቁልፉ እንደ ደረጃ ከፍ ያለ ወፍራም ነበር። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንጓዬ ታሰረ። «ለጥቂት» የምትለዋን ቃል ከዚያ ወዲህ ጠልቻታለሁ።

ዘንድሮም ካልሆነ አዲስ አበባ ወንድሜ ሱቅ ቆሜ የስልክ ሽፋን ልሸጥ ነው። ወንድሜ ክፉ ሆኖ አይደለም። «ቦታ ይዤልሻለሁ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ አሳውቂኝ» አለ። እኔ ግን እዚሁ መካነ ሰላም፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በተማርኩት መሥራት እፈልጋለሁ። ይኸው ነው።

ስለዚህ ቀጭን ኪቦርድ ያስፈልገኛል። የማውቃቸው ሁለት ናቸው፤ የትዕግሥት ነጩና የምሠራበት ኮፒ ቤት ጥቁሩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ብርዱ ጉድ ነው። ጠዋት ጣቴ እንደ እንጨት ሆኖ በብብቴ አሙቄው ወጣሁ።

ትዕግሥት ቤት ሄድኩ። ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን፣ አብረን ቢሮ ሥራ ስንፈልግ የኖርን ጓደኛዬ ናት። እሷም ለዚሁ ቦታ ተመዝግባለች። እስካሁን ስለዚህ ጉዳይ ሁለታችንም ቀልደን እናልፋለን እንጂ አናወራበትም።

መለኪያዬ እንዲህ ነው። አንድ አንቀጽ፣ ሦስት ጊዜ፣ በስልክ ሰዓት። አማርኛ ስትጽፊ አብዛኛው ፊደል ሁለት ጊዜ መጫን ይፈልጋል፤ አንድ ለተነባቢው፣ አንድ ለአናባቢው። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ትንሽ የሚከብድ ቁልፍ ለእኛ እጥፍ ይከብዳል።

የላፕቶፔ፦ ለስላሳ፣ ጥልቀቱ ልክ። ግን «መ» ስንኩል ናት። «መ» የሌለበት አማርኛ ደግሞ የለም።

የትዕግሥት ነጩ፦ ገመድ የለውም። ሲጫኑት ጥልቀት የለውም ማለት ይቻላል፣ ነካ ስታደርጊው ጽፏል። ድምፁ ጠብ ጠብ የሚል ነጠብጣብ ነው። ፈጣን! ክፋቱ የቁልፎቹ ፊት ዝርግ ነው፣ ጣት መሐሉን አያገኘውም። ሦስት ጊዜ ጎረቤት ቁልፍ ላይ ወጣሁ። ቢሆንም ከላፕቶፔ በደቂቃ አራት ቃል በለጥኩበት።

«ቀስ! ጥርሱን እንዳታረግፊው!» አለች ትዕግሥት ከኋላዬ ቆማ። ቀጥላ ደግሞ፣ «ባውስሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እኔ በምን ልፈተን? በምላሴ?»

ሳቅን። ሳቋ ግን ከእኔ ቀድሞ አለቀ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

የኮፒ ቤቱ ጥቁር ኪቦርድ ተስፋ የለውም።

የእትዬ ዘይነባ ነው። እትዬ የኮፒ ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው እሳቸው ጋ ስጽፍ፣ ገና ተማሪ ሳለሁ በመንፈቅ ዕረፍቴ ነበር የጀመርኩት። እሳቸው ፎቶ ኮፒውን ይይዛሉ፣ እኔ ማመልከቻና አቤቱታ እጽፋለሁ። ለቀን ሥራ፣ ጥድፊያ ስለሌለው፣ ወፍራሙን ስለምንጠቀም ጥቁሩ ለክቡር እንግዳ ይመስል መደርደሪያ ላይ ነው የሚኖረው። ዛሬ አውርጄ ሰካሁት።

ሲጫኑት ሊጥ ነው። ይገባል፣ መውጣቱን ግን ይረሳዋል። ገባ አልገባ የሚል ምልክት ለጣት አይሰጥም። አናባቢው አንዳንዴ ጭራሽ አይያዝም። ከላፕቶፔ በደቂቃ ሰባት ቃል ወረድኩ።

በእሱው አንድ እውነተኛ አቤቱታ ልሞክርበት ብዬ ጉድ ሆንኩ። ከከላላ በኩል በበቅሎ የመጡ አባት ስለ እርሻ ድንበር ያስጽፋሉ። እሳቸው ይናገራሉ፣ ያቆማሉ፣ ይጠብቁኛል። እንደገና ይናገራሉ፣ ይጠብቁኛል። በመጨረሻ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እኔስ በበቅሎ ነው የመጣሁት። አንቺ በምንድን ነው የምትመጪው፣ ልጄ?» አሉኝ።

እትዬ ዘይነባ ከማሽኑ ኋላ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወፍራሙን መልሼ ሰካሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

እንዴት ያለሁ ደደብ ነኝ!

አባቴ፣ አባባ፣ የደብሩን ደብዳቤ ሊያስጽፉ መጡ። ነገ ሚካኤል ስለሆነ ቸኩለዋል፣ ከዚህ በቀጥታ ለዋዜማው ነው የሚሄዱት። አባባ መሪጌታ ናቸው፣ ዜማ ያስተምራሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ከአርባ ተማሪ መሐል ማን እንደሳተ ይለያል። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ዕድል ልስጠው ብዬ ደብዳቤውን በጥቁሩ እጽፋለሁ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ትንሽ ሰሙና፣

«ይኼ ነገር ድምፁ የት ገባ?» አሉ።

«ዝም ያለ ዓይነት ነው፣ አባባ።»

«ዝም ያለና የታፈነ አንድ አይደለም» አሉና ጎንበስ ብለው ዳበሱት። «ምን ለብሶ ነው? ከበሮ በጋቢ ጠቅልለሽ ትመቻለሽ?»

አየሁት። ላስቲክ! እትዬ ዘይነባ ኪቦርዱን የገዙ ዕለት በወፍራም ላስቲክ ግጥም አድርገው ጠቅልለው፣ ከሥሩ በፕላስተር ለጥፈውታል። እሳቸው ሁሉን እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ሪሞቱን፣ ካልኩሌተሩን፣ የቤታቸውን ወንበር ሳይቀር። እኛም ቤት ሪሞቱ ላስቲክ ለብሷል። ዓይኔ ስለለመደው የኪቦርዱ ቆዳ መስሎኝ ኖሯል። እንግዲህ ሁለት ቀን ሙሉ ስለካ የከረምኩት ላስቲክ ነው!

ለእትዬ ነገርኳቸው። ልግፈፈው አልኳቸው።

«ያ አሏህ! ሁለት ዓመት አዋራ ያልነካውን?» አሉ። «ነፋሱን አታይውም? በሳምንቱ አፈር ይሞላል። ተይኝ እቴ!»

አባባ በሩ ላይ ቆመው፣ «ዘይነባ፣ ለመቼ ነው የምታስቀምጪው? ሰማይ ቤት ኪቦርድ የለም» አሏቸው።

«እርስዎ ደብዳቤዎን ይዘው ወደ ሚካኤልዎ!» አሉ እትዬ። ሁለቱ ጎረቤትነታቸው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፣ ሲናገሩ እንዲህ ናቸው። ላስቲኩ ግን አልተነካም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ቅዳሴ አስቀድሼ ወደ ሥራ ሄድኩ። እትዬ ከጁምዓ እስኪመለሱ ጠበቅሁና እንደገና ጠየቅኋቸው። የምለውን በልቤ አዘጋጅቼ ነበር፤ በየቀኑ በብሩሽ እጠርገዋለሁ፣ ከፈተናው በኋላ ራሴ መልሼ እጠቀልለዋለሁ፣ ሌላም ሌላም።

እትዬ አስጨረሱኝ። ከዚያ ቁጭ አሉ።

«እሺ። ገፈፍሽው እንበል። ፈተናውን አለፍሽ እንበል። እኔን ማን ይጽፍልኛል?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ወላሂ አላሰብኩትም። ሳምንቱን በሙሉ ስለ ቁልፍ ጥልቀት ሳስብ የእሳቸው ወንበር ባዶ እንደሚቀር አልታየኝም።

«ከሥራ በኋላ እየመጣሁ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይ፣ ተይ። ቢሮ የገባ ሰው ኮፒ ቤት የሚመለሰው ኮፒ ሊያደርግ ነው።»

አልተቆጡም። ይህ ባሰብኝ። ከሰዓት በኋላ ስለ ሌላ ነገር አወራን፤ ስለ ወረቀት፣ ስለ ቀለም። ስወጣ «አብሽሪ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ስገባ ጥቁሩ ኪቦርድ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ራቁቱን!

«አንቺ ብትገፍፊው በምላጭ ትቧጭሪው ነበር» አሉ እትዬ ፊታቸውን ከማሽኑ ሳያዞሩ። «በገዛ እጄ ይሻላል ብዬ ነው።»

ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። ትከሻቸውን የሳምኳቸው ይመስለኛል። «ሂጂ ወደ ሥራሽ! ሰው ቆሟል!» አሉ።

አሁን ስለ ኪቦርዱ። አምላኬ! አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም። ስትጫኚው መጀመሪያ ትንሽ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ቀጭ ብሎ ይለቃል፣ ጣትሽን መልሶ ይገፋል። ገባ አልገባ ብሎ መጠራጠር የለም። ከትዕግሥት ነጭ ትንሽ ይጠልቃል፣ ከላፕቶፔ ትንሽ ይጠብቃል። እያንዳንዱ ቁልፍ መሐሉ ሰርጎድ ያለ ነው፣ ጣት እንደ ማንኪያ ይቀመጥበታል። ጎረቤት ቁልፍ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ወጣሁ። በነጩ ከጻፍኩት በደቂቃ ሁለት ቃል በለጥኩ፣ ያውም ብርድ በሰነጠቀው ጣት።

አንድ ችግር አለ። ስለሚገፋኝ እሮጣለሁ። ስሮጥ «የየ»፣ «ለለ» እያልኩ እደጋግማለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ኪቦርዱን በነጠላ ጠቅልዬ ቤት አምጥቼዋለሁ። እትዬ ከነፍሳቸው ነጥለው የሰጡኝ ነው የሚመስለው፤ በር ድረስ ሸኙት።

አባባ ከቅዳሴ ተመልሰው ጋደም ብለው ሲሰሙኝ፣ «ትንፋሽ የለሽም» አሉ። «ነጠላ ሰረዝ ላይ እንኳ አትቆሚም። የማይተነፍስ ሰው ዜማ አያደርስም፣ መሐል መንገድ ይወድቃል።»

በየሁለት ነጥቡ... አይ፣ በየነጠላ ሰረዙ ጣቴን እያነሣሁ ሞከርኩ። መጀመሪያ ያዘገያል። ስሕተቱ ግን ቀነሰ። ሥጋ ነገ የለም፣ ጾም ይገባል፤ እናቴ ለሽኝት ዶሮ ሠርታለች። አንድ እንቁላል ጨምራ «ለጣትሽ» አለችኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ተፈተንኩ።

አሥራ ሁለት ሰው ነበርን። አብዛኛው ኪቦርድ ይዟል፤ በፌስታል፣ በሻሽ፣ አንዱ ገመዱን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ። የጥበቃው አባት «ዛሬ ገበያው እዚህ ሆነ እንዴ?» አሉ። ስለ አፈር ጥበቃ የሚል ሁለት ገጽ ሰጡን። አሥር ደቂቃ።

የመጀመሪያውን ደቂቃ ሮጥኩ። ልቤ ጣቴ ውስጥ ነበር። አንድ መስመር ሙሉ ተበላሽቶ አጠፋሁት። ከዚያ እጄን አንሥቼ ተነፈስኩ፤ ሌላው ሁሉ እየጻፈ እኔ ዝም ማለቴ ያስፈራል! ቀጥሎ ግን እየገጠመ መጣ። «በቃ» ሲሉ አራት መስመር ቀርቶኛል።

ትዕግሥት ውጭ ጠበቀችኝ። «ስንት ቀረሽ?»

«አራት መስመር። አንቺስ?»

«ጨርሻለሁ። ምን እንደጻፍኩ ግን ወላሂ አላውቅም» አለች። አብረን ሻይ ጠጣን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ምንም የለም። ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። በሦስተኛው ጥበቃው ሳያስገቡኝ «ነገ» አሉኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ወጣ።

አንደኛ ትዕግሥት። ሁለተኛ እኔ፣ ከስሜ ጎን «ተጠባባቂ» የሚል አለ።

ትዕግሥት አቀፈችኝ። አቀፍኳት። ደስ ብሎኛል፣ ውሸት አይደለም። ቅርም ብሎኛል፣ ይህም ውሸት አይደለም። ሁለቱን እዚሁ እጽፋቸዋለሁ፣ ሌላ ቦታ አልናገራቸውም።

የሰው ሀብቱ ሰውዬ ሊያጽናናኝ መሰለኝ ጠራኝ። «በስሕተት ካንቺ ያነሰ የለም፣ በፍጥነት ነው የተበለጥሽው» አለ። «አንዲት ጸሐፊያችን ዝውውር ጠይቃለች። ከተፈቀደላት በቀጥታ የምንጠራው አንቺን ነው። ስልክሽን አታጥፊ።»

መቼ? አያውቅም። ይፈቀድላት ይሆን? እሱንም አያውቅም። ግን አለፍኩ። ዘንድሮ «ለጥቂት» የሚል ነገር የለም፤ ስሜ ካለፉት ጋር ነው የተጻፈው።

ለእትዬ ዘይነባ ነገርኳቸው። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «አልሐምዱሊላህ!» አሉ።

«ለማለፌ ነው ወይስ ለመቅረቴ?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «አሏህ ራሱ ይደልድለው» አሉና ሳቃቸው መጣ። እኔም ሳቅሁ፣ መሐል ላይ ትንሽ አለቀስኩም። ጽፌ የምጨርሰው የስድስት ገጽ ውል ሰጡኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ለወንድሜ ደወልኩለት። ያ ቦታ ለሌላ ሰው ይሁን አልኩት። «ሥራውን አገኘሽ እንዴ?» አለ።

«ገና ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን... እዚሁ እጠብቃለሁ።» እሱም «ጠንካራ ነሽ ወይስ ደረቅ፣ አልለየሁትም» አለኝ። እኔም አልለየሁትም።

አሁን ውሉን አራተኛ ገጽ አድርሼዋለሁ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጌዋለሁ።