ለጣሪያው ሲባል የተጣለው አምበል

ለሊማሊሞ ኮከብ እግር ኳስ ክለብ ሥራ አስኪያጅ
ለክቡር አቶ ያርጋል ደርቤ
ደባርቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት ያግኝዎ። ከተራራው የሚወርደው ቁር እንዳይነካዎ፣ ለስብሰባ ጎንደር ሲመላለሱም መንገዱ እንዲቀናዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በለጠች እባላለሁ፤ እዚሁ ደባርቅ አስተማሪ ስሆን፣ ክለብዎን ለስድስት ዓመት በአምበልነት የመራው የተከላካዩ የደምለው ታላቅ እህት ነኝ። ባለፈው ሳምንት በሞንታርቦ ከተማውን እያስዞሩ ወንድሜን ለእሑዱ የምስጋና በዓል የክብር እንግዳ አድርገው ስለጠሩልን፣ መልሱም እንደ ጥሪው በአደባባይ እንዲሆን ብዬ ነው መጻፌ።

አንደኛ፣ ስለ ደመወዝ ጣሪያው ላመስግንዎ። በዓመቱ መግቢያ ተጫዋቾቹን ሰብስበው ክለቡ በወጪ ብዛት ሊፈርስ መሆኑን፣ ከእንግዲህ ማንም ከተወሰነው ጣሪያ በላይ እንደማይከፈለው፣ የሁሉም ደመወዝ ድምርም የራሱ ጣሪያ እንዳለው፣ ነባሮቹም ደመወዛቸውን ዝቅ አድርገው እንዲፈርሙ እንባ እየተናነቀዎት ነገሯቸው። ወንድሜ አመነዎት። ያኮረፉትን ጓደኞቹን ቤት ለቤት እየዞረ፣ ክለቡ ከሚፈርስ እኛ ትንሽ ብንጎዳ ይሻላል እያለ ያስፈረማቸው እርሱ ነው። በዚያው ወር ቻላቸው የተባለው አጥቂ ከአዲስ አበባ መጣ። ደመወዙ ጣሪያውን እንዳይነካ ግማሹን በተጫዋችነት፣ ግማሹን በታዳጊ ቡድን አሰልጣኝነት እንዲከፈለው አደረጉ። ታዳጊ ቡድን እንደሌለን የሚያውቅ የደባርቅ ሰው ሁሉ በጥበብዎ ተደነቀ፤ ለሌላው ጣሪያ የሆነውን ለአንዱ ወለል የሚያደርግ አናጢ በአገራችን ብዙ የለም።

ሁለተኛ፣ ስለ በሽተኛ ጥየቃዎ። በጥር ወር እዚሁ ሜዳችን ላይ ከዳባት ቡድን ጋር ስንጫወት፣ ደምለው ከግቡ አፋፍ ኳስ ሲያወጣ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። የክለቡ መኪና ቻላቸውን ወደ ሆቴሉ ለማድረስ ስለተያዘች፣ ሙባረክ የተባለው እህል ነጋዴ ጎረቤታችን በአይሱዙው ወደ ጎንደር ወሰደን። ወንድሜ ዳባትን እስክናልፍ ጥርሱን ነክሶ ቻለው፤ ከዚያ በኋላ ግን መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከቀዶ ጥገናው ማግስት እርስዎ ብርቱካን ይዘው መጡ። እኔ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ነበር፤ ስመለስ ወንድሜ ውሉን በገዛ ፈቃዱ እንዳቋረጠ የሚገልጽ ወረቀት ላይ ፈርሞ አገኘሁት። እንደነገረኝ፣ ከመፈረሙ በፊት «ስድን እመለሳለሁ?» ብሎ ጠይቆዎት ነበር፤ እርስዎም «መጀመሪያ ዳን» አሉት። እንዲህ ያለ ርኅራኄ የተመላበት መልስ ከሐኪሞቹ እንኳ አልሰማንም። ለቻላቸው ጭማሪ ስላስፈለገ፣ የተኛ ሰው ስም ከጣሪያው ሥር ቦታ እንዳይዝ መጠንቀቅዎ ተገቢ ነበር። ብርቱካኑን ትተው እስክሪብቶውን ይዘው መሄድዎም የሁለቱን ዋጋ ጠንቅቀው እንደሚያውቁ ያሳያል።

ሦስተኛውን እንኳ አጠር ላድርገው። ወንድሜን በአልጋው ላይ ያስፈረሙት እርስዎ፣ ለቻላቸው በፈለገ ጊዜ ያለ ካሳ የሚለቅበት ውል ጽፈውለት ኖሮ፣ በሚያዝያ ትልቅ ክለብ ሲጠራው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሄደ። ክለቡም ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። በዓመቱ መጨረሻ ግምገማ ላይ ለመውረዱ ምክንያቱን ሲጠየቁ አምበሉ ጥሎን ስለሄደ ነው አሉ። በእግሩ መሄድ ስላቃተው ሰው ይህን ማለት ድፍረት ይጠይቃልና አደንቅዎታለሁ።

ደምለው ዛሬ ደረጃ የሚወጣው ግድግዳ ይዞ ነው። ጨዋታ ባለ ቀን የሜዳው ጩኸት እንዳይሰማው ከተራራው ሥር ድብ ባሕር ወዳለችው አክስታችን ይወርዳል። የሞንታርቦው ጥሪ የተሰማ ዕለት እናታችን ሸሚዙን ተኩሳ፣ ይቅርታ ሊጠይቁህ ይሆናልና ሂድ ብላ ለመነችው። ሸሚዙን ተቀብሎ አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ «እርሳቸው የሚፈልጉት ፎቶዬን ነው፤ አልሄድም» አላት። ሁልጊዜ ለእርስዎ እሺ ሲል ኖሮ፣ እንቢ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ከደስታ ይሁን ከንዴት ሳላውቀው ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ስለዚህ ለክብር እንግዳው ያዘጋጁትን ወንበር እርስዎ እንዲቀመጡበት በትሕትና እለምናለሁ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ታጥፎ የማያውቅ ጉልበት ዕረፍት አይነፈገውም።

ከደጅዎ ምንም የማትፈልግ፣ ለጠላቷ እንኳ እንደ እርስዎ ያለ አሳቢ አለቃ የማትመኝ፣
አክባሪዎ በለጠች
ደባርቅ፣ ሐምሌ 2009 ዓ.ም.

ሳልረሳው፦ ከምስጋናው በኋላ የወዳጅነት ግጥሚያ እንዳዘጋጁ ሰምቻለሁ። ወጪ ለመቆጠብ ሲሉ የልጆቻችንን ውል በሙሉ የአንድ ዓመት ብቻ እንዳደረጉት፣ ውሉም ሰኔ ሠላሳ እንዳለቀ ምናልባት ከሥራ ብዛት ዘንግተውት ይሆናል። ትናንት ከበረኛው ከይግዛው ጀምሮ ሁሉም ዳባት ሄደው ለዳባት ቡድን ፈርመዋል። በክለቡ ውል ያለው ሰው እርስዎ ብቻ ስለቀሩ፣ እሑድ ማልያውን ራስዎ ይልበሱት።